እንግዶው የት ገባ

ሚያዝያ 16

የሞተውን የከሰል ዛፍ፣ ዲከረንሱን፣ ዛሬ ነቅለው ጨረሱ። አምና ደን ሆኖ ቆሞ ስንት ከሰል ይወጣዋል ሲባልለት የነበረው ማሳ አሁን የተላጨ ራስ መስሏል። በሽታው ቅጠሉን አራግፎ፣ ግንዱን አድርቆ፣ የአካባቢውን ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ አስቀመጠው። ያሳዝናል። ግን ደብተሬን አልዋሸውም፤ ጥቁሩን አፈር ሳየው ደስ አለኝ።

ማሳው የባሌ የክንዴና የታላቅ ወንድሙ የሽባባው የጋራ ውርስ ነው። ሽባባውን ፊት ለፊት "አያ ሽባባው፣ እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታ የለም፤ የዛሬው ነገሩ አንቱ አያስብልም።

እሱ ባህርዛፍ ይተከል አለ። እኔ እንግዶ ይዘራ አልኩ። ከተማው አጃ ይለዋል፣ ባላገሩ እንግዶ ይለዋል፤ ያው አንድ እህል ነው። ቆሰበር ላይ ወፍጮ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ የምኖረው በአጃ ዱቄት ነው። የከተማው አራስ ሁሉ የአጥሚቷን ዱቄት ከኔ ነው የምትወስደው። ዘንድሮ ግን እህሉ ከገበያ ድራሹ ጠፋ። ማሳው ባህርዛፍ ከገባበት ደግሞ እኔ አርጅቼ እስክሞት እህል አያበቅልም፤ የዱቄቱም ነገር በዚያው አበቃ ማለት ነው። የሰው ጤፍ እየፈጨሁ መቅረቴ ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ነገሩን የያዙት አያ ትዕዛዙ ናቸው። ሽባባው ብድግ አለና፣ "በዚህ አገር እንግዶ የሚባል ዘር የለም! አንድ ቁና ከተገኘ ምላሴ ይቆረጥ!" አለ። ዝም የምል መስሎት። "እኔ ጎታ ውስጥ ሙሉ አለ!" አልኩት። እውነት ነው፤ እማማ ዘውድነሽ እርጅና ይዟቸው እርሻ ሲተዉ የመጨረሻ ምርታቸውን በታኅሣሥ ለኔ ነው የሸጡልኝ።

አያ ትዕዛዙ ሁለታችንንም አዩን። "እንግዲያው ሰኔ ሚካኤል ዕለት ለመሬቱ የሚበቃ ዘር ማሳው ላይ አምጥታ ታሳየን። ካመጣች እንግዶ፣ ካላመጣች ባህርዛፍ" ብለው ፈረዱ። ተስማማን።

ክንዴ አንገቱን ደፍቶ በዘንጉ አፈር ሲጭር ቆየ። በወንድሙና በሚስቱ መካከል ገብቶ ምን ይበል ምስኪን፤ አንጀቴን በላው።

ሚያዝያ 18

መብራት የለም። ወፍጮው ቆሟል።

ከጫግኒ ድረስ የአጃ ዱቄት ፈልጋ የመጣች ሴትዮ ባዶ እጇን ተመለሰች። ልጇ ልትወልድ ደርሳለች። "ድሮ እንደ ልብ አልነበረም ወይ? የት ገባ?" አለችኝ። ነበር እኮ። ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ እንቅልፌንስ ለጥ ብዬ እተኛለሁ። ስነቃ ግን እዚያው ራስጌዬ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

የጎታውን ለምን አትፈጪላትም ይለኛል ሆዴ። ዘር አይፈጭም። አይታይምም። እናቴ ዘር ስታስቀምጥ የጎታውን አፍ በጭቃ መርጋ እስኪዘራ ድረስ አትከፍተውም ነበር፤ "በየጊዜው የሚጎበኝ ዘር በረከቱ ይሸሻል" ትላለች። እኔም በታኅሣሥ እንዲሁ መርጌዋለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እጄን አላሳረፍኩበትም።

ሚያዝያ 22

ከመናኸሪያው በላይ ካለው ሱቅ የታሸገ አጃ ገዛሁ። ባለሱቁ "አጃ" ስለው አልገባውም፤ "ኦትስ ማለትሽ ነው?" አለኝ። ይሁንልህ፣ ኦትስ።

ቆርቆሮውን እያገላበጥኩ አገሩን አነበብኩ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው! ዙሪያው ሁሉ የእንግዶ አገር ሆኖ፣ ለቆሰበር ቁርስ የሚሆነው አጃ በመርከብ መጥቶ፣ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጭኖ፣ እዚህ ይደርሳል። ዶላር ሲጨምር አብሮ ይጨምራል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህን አጃ ያጨደው ሰውዬ ማነው? እሱ አገርስ ሰው እንደኛ "የችግር እህል" ይለዋል ወይስ ያከብረዋል? ቆሰበር የምትባል ከተማ አለች ብሎ አንድ ቀን አስቦ ያውቅ ይሆን?

ፍሬው ጠፍጣፋ ነው፤ አንድ ነገር የተጫነው ይመስላል። ቢበቅልስ ብዬ ጥቂቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጓዳ አስቀመጥኩ።

ሚያዝያ 27

አልበቀለም። ሸተተ።

ክንዴ ጨርቁን ስፈታ አየኝና በሳቅ ፈረሰ። "አንቺ ሴትዮ፣ ዶሮ ወጥ ቀብረሽ ጫጩት ትጠብቂያለሽ?" አለኝ። ምን ላድርግ፣ ሳልሞክር ማመን አልችልበትም። ልጅ ሆኜም እናቴ "ይህች ልጅ እሳት ያቃጥላል ሲሏት ነክታ ነው የምታምነው" ትለኝ ነበር።

ክንዴ የቦራን ጀርባ እየፈተገ ነበር። ቦራ ፈረሱ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። በጥር ወር የፈረሰኞች በዓል ጋልቦት አገር ጉድ ብሎለታል። ሣሩ በፀሐይ ነዶ አልቆ የላሞቻችን አጥንት ሲቆጠር ቦራ ቅቤ የተቀባ መስሏል። "እንዴት ነው እሱ ብቻ?" ብዬ ጠየቅኩት። "እጅ ነው" አለኝ። "ፈረስ በእጅ ከታሸ ይወፍራል።"

እውነት ይሆን? እንግዲያው ላሞቹንም እሽልኝ አልኩት።

ግንቦት 2

ቅዳሜ። ዳንግላ ገበያ ዋልኩ። ዘሩ አለኝ፤ ለወፍጮው ግን እስከ አዝመራ የምፈጨው ትንሽ እህል ማግኘት አለብኝ። መንገዱ እንዳይዘጋ እየፈራሁ በጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ።

እህል ተራ ይሄይስን አገኘሁት፤ ዓመታት እህል ያቀረበልኝ ነጋዴ ነው። ፊቱ የገብስ ጆንያ ተከፍቷል። እጄን ከተትኩና ዘገን አድርጌ አየሁ። ከገብሱ መካከል ቀጠን፣ ረዘም ያለ ፍሬ አለ።

"ይሄይስ፣ ይሄ ገብስህ እንግዶ አለበት እንዴ?"

ፊቱ ተለዋወጠ። "ኧረ በማርያም! አንድ ፍሬ የለበትም! ጥርት ያለ ገብስ ነው፣ እትዬ ደብሪቱ!"

ወደ ሌላዋ ሄድኩ። "እንግዶ አለበት?" "ልጆቼን ይንሳኝ፣ የለበትም!" ሦስተኛዋ እኔን ስታይ የጆንያዋን አፍ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ገና ሳልጠይቃት "የለበትም!" አለች። ከኋላዬ አንዷ "ተቆጣጣሪ ናት" ስትል ሰማሁ። እኔ? በዚህ ክርኑ በተቀደደ ሹራቤ? ተቆጣጣሪ እንዲህ ከሆነች አገሪቱ አለቀላት።

በኋላ ይሄይስ ወደ ጎን ሳብ አድርጎ እውነቱን ነገረኝ። እንግዶ ያለበት ገብስ ገዢ የለውም፤ ተበረዘ ይባላል። ገበሬውም እንግዶ እበላለሁ ማለት ያፍራል። "ስለዚህ እትዬ፣ ሲዘራ ከገብሱ ጋር ይዘራል፣ ሲታጨድ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ሲሸጥም ከገብሱ ጋር ይሸጣል። ሲጠየቅ የለም።"

እያየሁት የሌለ እህል! ለቅሜ ልለየው ብለው ሳቀብኝ። "ለቅመሽ እስክትጨርሺ የገና በዓል ይደርሳል" አለኝ።

ግንቦት 3

ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው "ሌባ ነህ?" ተብሎ ተጠይቆ "አዎ" ይላል? "እንግዶ ፈልጌ ነበር፣ ጨምሬ እገዛለሁ" ነበር ማለት።

ዳሩ እንዲያ ብል ደግሞ የዳንግላ ገብስ በሙሉ እንግዶ ነው ይሉኝ ነበር።

ግንቦት 10

የክንዴ እህት ልጅ ተዳረ። ክንዴ ሙሽራውን ያጀበው በቦራ ላይ ሆኖ ነው፤ ቀይ የኮርቻ ልብስ፣ ዛኒጋባ፣ አልብሶት፣ የፈረስ ጌጡን መጣብሩን አሳምሮ። ፈረሰኞቹ ሜዳው ላይ ሲወጡ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። ቦራ ያብረቀርቃል። የሽባባው ጉራች ግን ከቦራም ይበልጣል፤ ዝንብ የሚያንሸራትት ፈረስ ነው።

አጠገቤ ካሉት ፈረሰኞች አንዱ፣ "የክንዴ ፈረስ ዘንድሮ ምን በልቶ ነው?" አለ። ሌላው "አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ" አለውና ተሳሳቁ። የወንድ ቀልድ ነው፤ አልገባኝም። ብቻ በባሌ ኮራሁ።

የሽባባው ሚስት እትዬ የምሥራች ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። "የኛ ሰውዬ ለፈረሱ ከሚያስበው ሩቡን ለኔ ቢያስብልኝ እኔም እንዲህ አብረቀርቅ ነበር" አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ግንቦት 14

ግብርና ቢሮ ሄድኩ። ለከርሞው ደግሞ ሌሎች ሰዎችም እንዲዘሩ ዘር የሚገኝበት መንገድ ካለ ብዬ። ያገኘኋት ልጅ ጨዋ ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ።

"የሰው አጃ ነው የሚፈልጉት ወይስ የከብት?" አለችኝ።

ሁለት መሆኑን የት አውቄ! ለመኖ የሚዘራ አለ አለች፤ በለጋው ታጭዶ ለላም የሚሰጥ። የሱም ዘር አልቋል። ለሰው የሚሆነውን ግን የሚጠይቅ ስለሌለ አያስመጡም።

"እኔ እየጠየቅኩሽ ነው እኮ፣ ልጄ።"

"እርስዎ አንድ ነዎት፣ እማማ።"

እማማ ያለችኝን ትቼዋለሁ። ስመለስ በባጃጅ ውስጥ ሳስበው መጣሁ። እህሉ የለም የሚባለው ሰው ስለማይጠይቀው ነው፤ ሰው የማይጠይቀው ደግሞ የለም ስለሚባል ነው። ዲከረንስ ሲመጣ ገብሱንም ድንቹንም ገፍቶ ገባ፤ እነሱ ግን ስማቸው አልጠፋም። እንግዶ ብቻ ከነስሙ ሊጠፋ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ! እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ የበላሁት እህል!

ግንቦት 20

ደመና ከብዷል። ሚካኤል እየቀረበ ነው። ዘሩ ይበቅል እንደሆነ ልሞክረው ብዬ፣ እናቴ ይቅር ትበለኝ፣ ጭቃውን ሰብሬ ጎታውን ከፈትኩ።

የለም።

ላዩ እንደመረግኩት ነው። እጄን እስከ ብብቴ ከተትኩ። ባዶ። ጎንበስ አልኩ፣ ባዶ። ከታች፣ ከወለሉ ላይ ትንሽ። ለማሳው አንድ ጥግ የማይበቃ።

ሽማግሌ ፊት ፎክሬአለሁ። ሙሉ አለ ብያለሁ።

ግንቦት 21

አይጥ ነው። ሌላ ምን ይሆናል።

ለክንዴ ስነግረው ገና "አይ..." ከማለቴ እሱ "አይጥ ነው!" አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከኔ ብሶ ደነገጠ። አጽናናሁት።

ከጎረቤት ድመት ተዋስኩ።

ግንቦት 24

ድመቷ ከጎታው ሥር ተጋድማ ትውላለች። አንድ አይጥ አልያዘችም። የአይጥ ኩስ የለም፣ የተቆረጠመ ገለባም የለም።

ጎታው ከታች እህል የሚወጣባት ቀዳዳ አለችው። በታኅሣሥ በጨርቅ ወትፌአት ነበር። ጨርቋን ዛሬ አየኋት፤ አሮጌ የኮርቻ ጨርቅ ናት። እኔ የወተፍኩባት ቀይ አልነበረችም? ትዝ አይለኝም። ብዙ ሥራ አለብኝ። ሰው ሁሉን ነገር ሊያስታውስ አይችልም።

ግንቦት 28

ለቀናት ሲዘንብ ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል በጓሮ ዞርኩ። ከፈረስ ቤቱ ጀርባ ያለው የፍግ ክምር ወጥ አረንጓዴ ሆኗል። ምንድነው ብዬ ጠጋ አልኩ። ሣር አይደለም። አንዷን ቡቃያ ከሥሯ ነቀልኩ። ሥሯ ላይ ፍሬዋ ከነገለባዋ ተንጠልጥላለች። ቀጠን ያለች፣ ረዘም ያለች።

እንግዶ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት አልነበረም፤ መገረም ነው። በፈረስ ጥርስ ታኝኮ፣ በሆዱ አልፎ፣ በቅሏል እኮ! ከፈረንጅ ቆርቆሮ እምቢ ያለው ከቦራ ቂጥ በቀለ! ቁጭ ብዬ ሌላም ነቀልኩ፣ ሌላም። ሁሉም እንግዶ። ከዚያ በኋላ ነው ንዴቱ የመጣው፤ ሲመጣም እንደ ጎርፍ ነው የመጣው።

ክንዴ ከቤት ሲወጣ ከነፍጉ አፍሼ ደረቱ ላይ ወረወርኩበት። አልሸሸም። ሸሚዙን አላራገፈም።

"ሣሩ አለቀ" አለኝ። "አጥንቱ መታየት ጀመረ። ትንሽ ልስጠው ብዬ ነው። ዛሬን ብቻ፣ ዛሬን ብቻ እያልኩ..."

"ሽማግሌ ፊት ሙሉ አለ ብዬ ስፎክር አጠገቤ አልነበርክም? ምላስህ የት ነበረች?"

"እንደዚያ ኮርተሽ ስትናገሪ በምን አንደበቴ ልንገርሽ፣ ደብሬ?"

"አይጥ ነው አላልከኝም? አላጽናናሁህም?"

ፈረሱ በበሩ አንገቱን አውጥቶ ሁለታችንንም ያየናል። ቀሪዋን ጭብጥ ፍግ በሱም ላይ ወረወርኩ።

ግንቦት 30

አላናግረውም። ምግብ አቀርባለሁ፤ አላናግረውም።

ጨርቋን አይቻት ነበር። አይቼ "ሥራ አለብኝ" ብዬ ጻፍኩ። ቂል።

ሰኔ 2

ጾም ገባ። ክንዴ ምሳውን ሳይነካ፣ "እኔ ብቻ አይደለሁም" አለኝ።

ጀርባዬን ሰጠሁት።

"ስሚኝማ። ፈረስ ያለው ሁሉ ከገብስ ማሳው ዳር አንድ ጠርዝ እንግዶ ይዘራል። ቤት አይገባም። በፈረስ ቤቱ ቆጥ ላይ ይሰቀላል፤ በበጋ ሣር ሲጠፋ ለፈረሱ ይሰጣል። ለሚስት አይነገርም። እኔ ዘንድሮ ጠርዝ አልዘራሁም፤ ማሳውን ሁሉ የያዘው ዲከረንስ አታለለኝ። ለዚያ ነው የጎታውን የነካሁት።"

እንዳላናግረው ምዬ ነበር፤ ግን ይህን ሳልጠይቅ ብቀር እፈነዳ ነበር። "ለሚስት ለምን አይነገርም?"

"ቤት ውስጥ የሚበላ ልጅ እያለ ለፈረስ እህል ስትሰጥ ሚስት ምን ትላለች?"

"አያ ሽባባውስ?"

"እኛን ያስተማረን ማን ሆነና!"

ምላሴ ይቆረጥ ያለው ሽባባው! ሳቄ መጣ። ስቄ ስቄ እንባዬ ወረደ፤ ከዚያ እንባው ብቻ ቀረ። የአገሩ እንግዶ የት ገባ እያልኩ ዳንግላ ድረስ ስኳትን፣ የመርከብ መንገድ ስቆጥር፣ ግማሹ በገብስ ጆንያ ተደብቆ፣ ግማሹ በጎረቤቶቼ ፈረሶች ሆድ ውስጥ ነው። የለም የሚባል እህል ሁሉም ቤት አለ!

ሰኔ 4

ከክንዴ ጋር ሦስት ፈረሰኞች ቤት ዞርን። ሦስቱም ከሚስቶቻቸው ጋር ምድጃ ዳር ተቀምጠው አገኘናቸው። "እንግዶ አላችሁ ወይ?" አልኩ። "ኧረ የለም! ከየት መጥቶ!" ክንዴን ግን በዓይናቸው በሉት።

የዳንግላን ጥፋት ደገምኩት። አዎ የማይሉትን ነገር በሰው ፊት ጠየቅኩ። ደግሞ በማን ፊት!

ሰኔ 6

ወፍጮ ቤት የሴት ነው። ወንድ ጆንያ አራግፎ ይሄዳል፤ ተራ ጠብቃ፣ ዱቄቷን ይዛ የምትሄደው ሴት ናት። ዛሬ መብራት ነበርና ቤቱ ሞላ። እትዬ የምሥራችም ጤፏን ይዛ መጥታ ነበር።

የማንንም ባል ስም አልጠራሁም። ከፍጉ የነቀልኩትን ቡቃያ በቆርቆሮ ተክዬ የወፍጮው መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ። "ምንድነው?" ሲሉኝ፣ "ከፈረስ ቤቴ ጀርባ የበቀለ እንግዶ ነው። ፈረስ ያላችሁ፣ ዝናቡ ጓሯችሁ ምን እንዳበቀለ እዩት" አልኩ። ዘር እንደምፈልግም፣ ሚካኤል እንደደረሰብኝም ነገርኳቸው።

እትዬ የምሥራች ተራዋ ደርሶ ነበር። ጤፏን እዚያው ትታ ወጣች።

ሰኔ 9

እየመጡ ነው። አንዷ በዘንቢል፣ አንዷ በነጠላዋ ቋጥራ፣ አንዷ ልጇን አሸክማ።

"ምንድነው?" እላለሁ።

"ገብስ ነው" ትለኛለች፣ ታጣቅሰኛለች።

"ገብስ ነው" እላለሁ፣ ተቀብዬ ለብቻው አስቀምጣለሁ።

ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ቀላ ያለ አለ፤ እንዲህ ያለውን ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁም። ይህ ሁሉ ዓይነት በየቆጡ ተሰቅሎ ነበር! የትኛው ከየት እንደመጣ ጠየቅኳቸው፤ አንዷ ባሏ ከአባቱ እንደወረሰው ነገረችኝ። ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩ። ክንዴ ጨርቆቹን እያየ ዶሮ ወጥ ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

ባሎቻቸው ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሰኔ 11

ጨርቆቹን ፈታሁ። ጥቁሩም ነጩም በቅሏል! ግን ሁሉን አንድ ላይ ብሰፍረው አሁንም ለማሳው አይሞላም። ነገ ሚካኤል ነው።

ወደ ማታ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። እትዬ የምሥራች ናት። አንድ ሙሉ ጆንያ እየጎተተች አወረደች፤ አፉ በኮርቻ ጠፍር ታስሯል።

"እትዬ፣ ይህን እንዴት ..."

"ቆጡ ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ከዚህም ሌላ ነበረ፤ ጉራቹ በልቶታል።" ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። "ሦስተኛውን ልጄን ስወልድ ደም ፈሶኝ ተኝቼ፣ የእንግዶ አጥሚት አማረኝ አልኩት። 'በዚህ አገር እንግዶ የት ይገኛል' አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። የአራስነት ጊዜዬን በስንዴ አጥሚት ገፋሁት። ፈረሱ ግን ያን ጊዜም ያብረቀርቅ ነበር፣ ደብሪቱ።"

አቀፍኳት። እሷ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

"ጆንያውን ነገ ያውቀዋል" አልኳት።

"ይወቀው።"

ሰኔ 12፣ ሚካኤል

በዓል ስለሆነ ሞፈር አይነሣም፤ የዛሬው ማሳየት ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉም ማሳው ላይ ተሰበሰበ። ሽባባው የባህርዛፍ ችግኞቹን በጋሪ አስጭኖ ከዳር አቁሟል። እኔና ክንዴ ጆንያዎቹን ደረደርን። ፈረሰኞቹ ዳር ዳር ቆመዋል፤ አንዳቸውም ወደ ጆንያው አያዩም። ሚስቶቻቸው ግን ደልደል ብለው ከፊት ተቀምጠዋል።

ሽባባው እያለፈ ድንገት ቆመ። ጠፍሩን አየ። ከዚያ የምሥራችን አየ። እሷም አየችው፤ ዓይኗን አልሰበረችም።

አያ ትዕዛዙ፣ "ሽባባው፣ ያንተ ዓይን እህል አይስትም። ቅረብና እይልን። እንግዶ ነው? ለመሬቱስ ይበቃል?" አሉት።

የማሳውን ስፋት አውቀዋለሁ፤ የጆንያውንም ልክ አውቃለሁ። አይበቃም። "አይበቃም" ካለ ማሳው የሱ ነው፤ ውሸትም አይሆንበትም። ክንዴ እጄን ያዘኝ፤ አላስለቀቅኩትም።

ሽባባው በርከክ አለ። ጠፍሩን ራሱ ፈታው፤ ለመፍታት አልተቸገረም። ጭብጥ አድርጎ አወጣ፣ አሸተተ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበረ። ፊቱን የደበቀ መሰለኝ።

"እንግዶ ነው" አለ።

ከኋላ አንዱ "ምላስህስ?" ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ሳቀ። ሽባባው አልሳቀም። ጭብጡን ወደ ጆንያው መለሰና ተነሣ።

"እንግዶ እንደ ገብስ ተጠጋግቶ አይዘራም" አለ፣ ወደ ማንም ሳያይ። "ሳሳ ተደርጎ ነው። አንዷ ፍሬ ብዙ አገዳ ታወጣለች። ይበቃል።"

አያ ትዕዛዙ "ይበቃል ተብሏል" አሉ። ጋሪው ከነችግኙ ዞረ። የምሥራች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

ሰኔ 13

ጠዋት ማሳው ስንደርስ ሽባባው በሬዎቹን ጠምዶ ቀድሞን ተገኘ። ማንም አልጠራውም። ክንዴ ዘራ፣ እሱ እያረሰ ዘሩን አፈር አለበሰው። ክንዴ እጁን ሞልቶ ሲበትን "ሳሳ አድርገው፣ ሳሳ!" እያለ ይጮህበታል። የነጩ፣ የጥቁሩ፣ የቀላው ዘር ተደባልቆ ወርዷል፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚያሽት ለማየት ከአሁኑ ቸኩያለሁ። ለክንዴ ውኃ ሰጠሁት። "ጠጣ" አልኩት። ከፍጉ ቀን ወዲህ በደግ የነገርኩት የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ውኃውን እየጠጣ ዓይኑ ረጠበ።

ቀትር ላይ ሽባባው በሬዎቹን አቁሞ ወደ እኔ መጣ። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ደብሪቱ፣ አሁን ያ ጉራች እስከ ኅዳር ምን ይበላል?"

"ሣር ይብላ፣ አያ ሽባባው፤ እንደ ፈረስ" አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ከማሳው ወዲያ ማዶ የምሥራች ስትስቅ ሰማኋት።